የእሱ ቀኝ

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲልሰው፣
መምህር ይመር ቆሞ መዳፉን ገለጠው።
«ይኸውላችሁ ሰው፦
ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፊቱን ያላዞረ፣
እጁን ከጎን ጥሎ መዳፉን ወደ ፊት ከፍቶ ያኖረ።
ላይ ብትሉ፣ ታች ብትሉ፣ ውጭና ውስጥ ብትሉ፣
ከዚህ አቋም ነው የሚለካው ሁሉ።
ቀኝ ስትሉ ደግሞ አንዴ ልንገራችሁ፤
የእሱ ቀኝ ነው እንጂ አይደለም ቀኛችሁ።»
እኔ ጦይባ ይማም፣ ከወረኢሉ የመጣሁ፣
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ሳይገባኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ህዋስ መጣ፤
ከዓይን ያመለጠ፣ በጣት የታጣ።
ሽፋኑ ቅባት ነው፣ ድርብ ሆኖ ስስ፤
ውሃን ያሾልካል፤ ጨውን ግን «በበር» ይለዋል ሲደርስ።
መሀሉ ላይ ኒውክለስ፣ ዲኤንኤውን ጠቅልሎ፣
የማላውቀውን ዘመድ አፍንጫ ለኔ አድሎ።
ራይቦዞም ቁጭ ብሎ ትእዛዙን ያነባል፤
አሚኖ አሲድን ካሚኖ አሲድ እንደ ሙስበሃ ይሰካል፤
ያ ክር ሲተጣጠፍ ፕሮቲን ይባላል።
ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ስኳርን አቃጥሎ፣
ኤቲፒ ይሠራል ሌት ከቀን ቀጥሎ።
(መብራት በጠፋ ማታ በሻማ ሳጠና፣
ቀናሁበት፤ እሱ ቤት አይጠፋምና።)
«ህዋስ ከተማ ነው» ትለኛለች ሰአዳ፤
የቱ ከተማ ነው አጥሩን በየቀኑ የሚያድስ ያለ እዳ?

ከቤተ ሙከራው ጥግ አጽም ተሰቅሏል፤
ግራ እጁ የለም፤ በዚያ ክፉ ዓመት ጠፍቷል።
ማን እንደ ወሰደው፣ ለምን፣ አይታወቅም፤
ሃያ ሰባት አጥንት ሌባ አያበለጽግም።
የጎደለውን እጅ ከገዛ እጃችን ቆጠርን፣
አንዳችን የሌላውን አንጓ እየዳበስን።

አባቴ መጣ አንድ ሐሙስ፣ ስንቄን በጆንያ።
ወጌሻ ነው። ከወረኢሉ ወዲያ፣
የተሰበረ ሁሉ በጣቱ ያልፋል፤
ላቲን አይሰማም፤ አጥንት ግን ይሰማል።
በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲያጎነብስ፣
«ኧረ ይግቡ» አለ መምህር ይመር፣ እስከ ደጁ ሲደርስ።
ገባ።
ዓይኑን ጨፈነ፤
(ሥራ ላይም እንዲህ ነው፣ ዓይኑን መች አምኖ)
ጣቱን ከጉልበቱ ቁልቁል ነዳው፣
እኛ ቲቢያ በምንለው፣ እሱ ቅልጥም በሚለው፤
መሀል ላይ ቆመ።
ቆየ።
«ይኼ ሰው ተሰብሮ ነበር። ደግሞ ድኗል። ነይ ንኪው።»

ነካሁት። ስንት ወር ሳየው የኖርኩት፣ ያላየሁት፣
እንደ ክር ቋጠሮ ትንሽዬ እብጠት።
«ያሰረው ሰው ያውቃል፤ ሸንበቆው አልጎረበጠም።
አርባ ቀን ተኝቷል። ውሃ ያቀበለው አለ፤
ብቻውን አልነበረም።»
«ግራ እግሩን ነዋ!» አልኩ፤ ወደኔ ግራ ነበር።
ሳቀ፤
«ቀኙ ነው። ሰው ባንቺ ግራ አያነክስም፤
የታመመ ሁሉ የሚያነክሰው በራሱ ነው።»
መምህር ይመር ጠመኔውን አስቀመጠ። ምንም አላለም።

መናኸሪያ ስሸኘው፣ «እኔ አላድንም» አለኝ፤
«አቀናለሁ፣ አስራለሁ። ከዚያ ወዲያ ውስጥ የሚሠራውን
ስሙን አንቺ ንገሪኝ።»
ነገርኩት፦ አንዱ ህዋስ አሮጌውን ይበላል፣
ሌላው ካልሲየም ይዞ አዲሱን ይለስናል፤
ኦስቲዮክላስት፣ ኦስቲዮብላስት ይባላል።
ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ራሱ ሲሞክረው፣
ምላሱ ላይ ለሁለት ተሰበረበት፤
ሳቅን፣ ወጌሻ በሌለው ስብራት።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጁን አወጣ፤
መዳፉ ወደኔ፣ ክፍት።
ለኔ በግራ በኩል ነበር፤
ቀኙ ነው።