ማሳው የት አለ

አባቴ የተወልኝ አንድ ሞተር ብስክሌት፣
ከጎተራው ጥግ ቆሞ ሃያ ሦስት ክረምት፣
ድንች ተደግፎት፣ አይጥ ወልዶበት።
ያቫ ነው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ፤
አንድ ፒስተን ይዞ ሁለት ማርሚታ የሚያስጮህ፣
ከኔ በሁለት ዓመት ታላቅ፣ ከኔ ይልቅ የከሳ።

እኔ ድራሆሚራ፣ የብርኖን ትራም ሽቦ
ሠላሳ አንድ ዓመት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስቀጥል የኖርሁ፣
ስድስት መቶ ቮልት በጓንቴ የዳሰስሁ፣
ለስድስት ቮልት እጅ እሰጣለሁ ብዬ መቼ ጠረጠርሁ?

በጥቅምት ፈታሁት። ቡሎኑ እምቢ አለ፤
በናፍጣ ነከርሁት፣ ሳምንት አደረ ዋለ።
ፒስተኑ ከሲሊንደሩ እንደ ባልና ሚስት ተጣብቆ፣
በእንጨት መዶሻ፣ በትዕግሥት፣ በስድብ
ሲወጣ ወጣ፣ ግማሽ ፋሻውን እዚያው ትቶ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቆ።

ኢግናጽ ባለቶርኖው፣ መነጽሩን በሲባጎ ያሰረ፣
ሲሊንደሩን ለአዲሱ ፒስተን ልክ አስፍቶ ሞረደ፤
«ከዚህ ወዲያ ብረት የለም» አለኝ፣ «አየር ነው የቀረ።»
የቢዬላውን ኩሺኔታ በፕሬስ መታልኝ፤
ሁለት ጠርሙስ የፕሪም አረቄ ወሰደ፣
ስለ ዋጋ አልተከራከረ።

ቴላዮው ግን የኔ ነው። የማንም እጅ አልነካው።
በካርታቬትሮ ገፍፌ እስከ አጥንቱ አራቆትሁት፣
የበሰለ ቼሪ በመሰለ ቀይ ሦስት እጅ ቀባሁት።
ከባትሪው ቤት ሥር አንዲት ጭረት ነበረች፣
የጥፍር ያህል፣ ቀለም ያልጎበኛት፣ ራቁቷን የቀረች።
«አባቴ ችኩል ነው፤ ካቻቢቴ አምልጦት ነው» አልሁና
በስቱኮ ሞላኋት። አፈርሁለት።
ለሠርግ ጠባሳ እንደሚሸፍን ሰው ደበቅሁለት።

ሚያዝያ ገባ። ቤንዚኑን ከዘይቱ አደባለቅሁ።
ረገጥሁ።
ዝም።
እንደገና ረገጥሁ።
ካንዴላውን ፈትቼ ቴስታታው ላይ አስተኛሁ፤
መብራት አጥፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣
ያቺን ሰማያዊ ብልጭታ ጠበቅሁ።
ጨለማው ጨለማ ሆኖ ቀረ።
ባትሪው? ስድስት ነጥብ ሦስት። ፑንቲናው? ንጹሕ፣ ክፍተቱም ልክ።
ኮንደንሰሩን ጣልሁ፤ ቦቢናውን ከሌላ ያቫ ለመንሁ።
እያንዳንዱ አካል ደህና ነው፤ ሰውየው ግን ሞቷል!
አንዳንዴ መሪውን ስጠመዝዝ የፊት መብራቱ
ይጠቅሰኝና ይተኛል።

በዘጠነኛው ቀን ኢግናጽ መጣ፤ በርሜል ላይ ተቀመጠ፤
አረቄውን ተጎነጨ፣ ሽቦዬን አየና አላገጠ፦
«ማሳው የት አለ?»

ማሳውማ…
ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነበር፣ አራት ሄክታር የገብስ መሬት፤
በሃምሳ ሁለት መጡና «የማኅበሩ ነው» አሉት፤
ድንበሩን በትራክተር አረሱት፣
ፊርማውን ወሰዱ፣ ያቫውን ተዉለት።
ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እስከ ዳሩ ይነዳው ነበር፤
አይወርድም፤ ሞተሩን አያጠፋም፤
አንዲት ሲጋራ እስክታልቅ ቆሞ ይመለስ ነበር።

«የገብሱን አይደለም፣ ድራሆሚራ» አለ ኢግናጽ፣ «የሽቦውን።»

ጣቴ ከአእምሮዬ ቀድማ ከባትሪው ቤት ሥር ገባች።
ያቺ ጭረት፣ አባቴ ለሽቦው ማሳ ብሎ የፋቃት፣
እኔ በሦስት እጅ ቼሪ የቀበርኋት!
ሽቦው የታሰረው ቀለሜ ላይ ነው፤
ውበቴ ነው መንገዱን የዘጋው።
ሊማ አነሣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ፋቅሁ፣
የጥፍር ያህል፣ ብረቱ እስኪስቅ። ቡሎኑን አጠበቅሁ።
ረገጥሁ።
በሦስተኛው ሰማያዊ ጭስ ጎተራውን ሞላው፤
ዶሮዎቹ ተበተኑ፤
የኢግናጽ ብርጭቆ በርሜሉ ላይ በራሷ መራመድ ጀመረች።

ከሐዲዱ ማዶ ነዳሁ። ገብስ ቀርቷል፤ ዛሬ ጎመን ዘር ነው፣ ቢጫ፣
ስሙን የማላውቀው ሰው የሚያርሰው።
ዳር ቆምሁ። እጄ ወደ ቁልፉ ሄደችና ተመለሰች።
ምናልባት የአባቴም ነገር ሐዘን ብቻ አልነበረም፤
አንዴ ካጠፉት
ላይነሣ ይችላል።