ሁለት ጊጋ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ቤት አለችን አንዲት፣ ዝናብ የምታስገባ።
እዚያ ጥግ ያለው ነው፤
ማታ የነካሁት ለንጋት ይነቃል፣
ማንጎ እንደጫነ አይሱዙ ይጨነቃል።

ፖከር አይታገሥም፤ ዐሥራ አምስት ሰከንድ፤
ወይ ጨምር፣ ወይ ጣለው፤ ካለፈህ በቃ ሂድ።
ኮንከር ስንጫወት ፊት አያለሁ፣ ላብ፣ እጅ፤
እዚህ ስም ብቻ ነው፣ ያውም የፈረንጅ።
ሰው ሁሉ ሲተኛ ይቆማል ገበያዬ፤
ያኔ ነው ኔትወርኩ የሚሻለው፣ ጌታዬ።
ዝናብ ከጣለማ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ
ያለው ማማ ያብዳል፤ ስክሪኑም ባዶ።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ሁለት ንጉሥ ደርሶኝ፣
ሦስተኛው ከመሃል ተዘርግቶ ጠርቶኝ፣
‹ጨምር› የሚለው ላይ ቀስቷ ድርቅ አለች፤
ትንሿ ክብ ብቻ ትዞራለች፣ ትዞራለች።
ሰከንዱ አለቀ፤ ሳልፈቅድ፣ በስሜ፣
ነገሥታቴን ጣለ። ጮህኩ ብቻዬን ቆሜ።
ያኛው፣ ስሙ ‹ተኩላ›፣ የያዘውን ሳያሳይ፣
ጠራርጎ ወሰደ፤ እኔ ቀረሁ ሳይ።

ምንይችል ከሱቁ፣ በብስክሌት መንፊያ፣
ቢነፋው ከፋኑ ወጣ የሸረሪት ማረፊያ።
ሣቁን እየዋጠ፣ ‹ሁለት ጊጋ?› አለ፤
‹በሬ ቢሆን ይኸ ፋሲካን ባልዘለለ።›
ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፣ የቆርቆሮ መግዣ፤
ገዛሁበት ራም፣ የኔን ማደንዘዣ።
ሥሩን በብሎኬት ከፍ አድርጌ አቆምኩት፤
ሲግል በካርቶን እንደ ሕፃን አራገብኩት።
‹ዲስኩም ሞልቷል› አለኝ፣ ‹ሆዱን አቅልልለት።›
ሌሊቱን ተቀመጥኩ፣ አንድ በአንድ ላጠፋለት።

የወንድሜን ሠርግ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣
ሚዜው የወደቀባት፣ ሄደ ከነምስሉ።
ጸረ ቫይረሱንም፣ ምን ሊወስድ ከኔ!
የትሁኔን ጌሞች፤ ይቅር በይኝ ትሁኔ።
ከጀርባ ያለውን የጣና ሥዕል ሳይቀር
አንሥቼ ጣልኩና፣ ባዶ ጥቁር ቢቀር፣
ፈጠነ።
ጠቅ ሳደርገው ሮጠ፤ የአዊ ፈረስ ሆነ።
በዚያው ፍጥነት አጣሁ። በፊት አንድ ሳምንት
የሚፈጅብኝን ጨረስኩ በአንድ ሌሊት።

እሑድ ረፋድ ላይ ባንቺአምላክ መጣች፤
የዕቁብ ጸሐፊ ናት። ፈለገች፤ አጣች።
አርባ አንድ ሰው አለ፣ የወጣ፣ ያልወጣ፤
ስሙ ‹አዲስ ሦስት› ነበር፤ ምን ሊያመጣ ጣጣ፣
ብዬ ያጠፋሁት።

ነገርኳት።
ዝም አለች። ቆጠርኩኝ። ዐሥራ አምስቱ አለፈ።
ሌላም ዐሥራ አምስት። ምላሴ ተጣጠፈ።
‹ጻፍ› አለችኝ ኋላ፣ ዐይኗን ከደነች፤
ከመጀመሪያው ዕጣ ስም በስም መዘነች።
‹አትርሳው ደላላው ጥቅምት ላይ ወሰደ፤
ውዱ ባለ ባጃጁ፣ ኅዳር፤ ልጅ ወለደ፤
የሻረግ አልደረሳት፤ ዕጣዋን አሳልፋ
ለአንዱዓለም ሰጠች፣ የወፍጮው ሞተር ሲጠፋ . . .›
ፈጣኑ ኮምፒውተር ጣቴን ይጠብቃል፤
ጣቴ ግን እንደሱ መፍጠን መች ያውቃል።
ትስታለች፤ ትመለሳለች፤ ቀስ ብላ ታርማለች፤
አንድ ሰው ሳትጥል አርባ ላይ ትደርሳለች።

‹አርባ አንደኛውስ?› አልኩኝ፣ ስሙ የኔ ሆኖ ሳለ።
ጣሪያው አንድ ጠብታ ኪቦርዱ ላይ ጣለ።
ዐይኗን ገለጠችና፣
‹አንተማ በልተሃል› አለች፤ ‹ጻፈው።›