የአንድ ክንድ ቱቦ

ታልካዋኖ ላይ ሰባት ቀን ዘነበ፤
ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው፣ ወደቡ በጭጋግ ተከበበ፤
ደም ሊሰጥ የሚመጣው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ።
ሚርታ የደም ባንኩን ፍሪጅ ከፍታ ሁለት ጣቷን አነሣች፦
«የእሱ ዓይነት ይኸው ነው» ብላ በሩን ዘጋች።

እኔ የማሽኑ ሰው ነኝ፤ ልብ ሲቆም የምተካው፣
ሳምባ ሲያርፍ የምተነፍስ፣ ታማሚ ስሜን የማያውቀው።

ኦነሲሞ ካርካሞ ግን ጠየቀኝ፤ ዋዜማውን፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣
አርባ ዓመት የመርከብ ቧንቧ የበየደ እጁን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ፦
«ቧንቧሽ ለራሱ ስንት ያስቀራል?» አለኝ።
ሌላው ሰው «እድናለሁ ወይ?» ነበር የሚለኝ።
ነገርኩት። ድምፄ አነሰ።
«ረጅም ቧንቧ የሰነፍ ቧንቧ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ሥራው የተጀመረው ከወር በፊት ነው፤
ደሙ ገርጥቶ ቢመጣ «ገና ነህ» ብለን መለስነው፤
በክንዱ ብረት ገባለት፣ ጠብታ በጠብታ፣ ቡናማ፤
«ዕድሜዬን ሙሉ ዝገት ስፍቅ ኖሬ
አሁን ታጠጡኛላችሁ?» ብሎ ሲስቅ ኮሪደሩ ሰማ።
ለምርመራ የሚቀዳለት በአራስ ልጅ ብልቃጥ ነበር፤
«ጡጦም አምጡልኝ» አለ፣ ሚርታ መርፌውን ስትነቅል።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ወለል ላይ ቢጫ መስመር አለ፤
ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ቀብቶት የሄደ።
ሃያ ዓመት ከመስመሩ ወዲያ ቆሜአለሁ፤
ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁ።
በዚያ ጠዋት ተሻገርኩ።
ማሽኑን አንድ ክንድ ወደ አልጋው ገፋሁ፤ ቱቦውን በዚያው ልክ ቆረጥኩ።
ውስጡ የሞላውን የጨው ውኃ በገዛ ደሙ ገፍቼ አስወጣሁ።

ዶክተር ሳልዲቪያ አይጣደፍም፤
የፀጉር ያህል ቀጭን ደም ሥር እንኳ ሳይተኩስ አያልፍም።
ከደረቱ የፈሰሰውን በጨርቅ አልጠረግንም፤
መጠጥነው፣ በሚሽከረከር ጎድጓዳ ውስጥ አጠብነው፤
ቀዩ ዳር ያዘ፣ እጣቢው ወረደ፣ የራሱን ለራሱ መለስነው።
የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላል ሰው፤
እኛ አፈስነው።

እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ ወረደ።
ሰባት ነጥብ ስድስት።
የማደንዘዣው ሐኪም እጁ ወደ ስልኩ ሄደ።
ሳልዲቪያ ቀና ሳይል፦ «ቁጥሩን ተወው፤ ሰውየው እንዴት ነው?»
ግፊቱን አየሁ፣ ኦክስጅኑን አየሁ። «ደህና ነው።»
ትርፍ ውኃውን ጨመቅኩለት፤ ጠበቅን።
እንደዚያ ቀን ረጅም ሩብ ሰዓት አላውቅም።
ስምንት ነጥብ ሁለት። ማንም አልተነፈሰም፣
ከማሽኔ በቀር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም ከረጢቶች ከፍሪጁ ወጡ፤
ከቶሜ በጭነት መኪና ለመጣች ወላድ ተሰጡ።
ስሟን አልሰማሁም። የሰጣትንም ሰው እሷ አታውቀውም።
ሕፃኑ ግን ሲጮኽ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

በሦስተኛው ቀን ኦነሲሞ ድምፁ ተመለሰ፤
«ስንት አስቀረሽ?» አለ፣ ገና ከንፈሩ ሳይርስ።
«ግማሽ ብርጭቆ።»
ትንሽ አሰበ።
«አሁንም ብዙ ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።