ከገዛ ገላዋ

ሂንደሎፐን መንደር፣ የካቲት ሲጋመስ፣
ሐይቁ ከግድቡ ሥር ግራጫውን ሲለብስ፣
ጀልባዋን ገለበጥን፣ ሆዷን ወደ ሰማይ፣
እኔና ሲብረን፣ በሁለት በርሜል ላይ።

የልጆች ጀልባ ናት፤ ሸራ የሚማሩባት፤
ከአፍንጫ እስከ ጭራ ፕላስቲክ፣ ስፌት የሌለባት።
ቀይ ነበረች ድሮ። አሁን ግን ጀርባዋ
ፀሐይ የላሰው ነው፤ ነጥቷል ገላዋ።
«ሰባት» የሚል ቁጥር በጎኗ ተጽፎ፣
ግማሹ ቀርቷል፣ ግማሹ ተገፎ።

ሲብረን በጣቱ ጭረቷን ዳሰሰው፣
በጨለማ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው፦
«ይኼ የአሸዋ ነው። ይኼ የመልሕቅ።
ይኼ ረጅሙ...» አለ፣ «ይኼንን አላውቅ።»

ከመሪዋ በታች፣ ጥጉ ላይ ተደብቃ፣
ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ቆየችን ጠብቃ።
ጎኗን ስናነሣው ሆዷ አንጎራጎረ፤
ያምና በጋ ውኃ ሲንጠባጠብ አደረ።

እኔ ሙጫ አመጣሁ፣ ውዱን የሱቅ ሙጫ፣
ባለ ሁለት ቱቦ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ።
አሸሁት፣ ቀባሁት። በማግሥቱ ጧት
እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላጠ በጣት።

ሲብረን አልሣቀም። መሳቢያውን ከፍቶ
ስል መፋቂያ መዘዘ፣ በጥፍሩ ለክቶ።
(አባቱ እንጨት ጠራቢ፣ ፕላስቲክን የናቀ፣
«ሳህን ላይ ማን ይሳፈር?» እያለ የሣቀ፤
ልጁ ሳህን ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞላው፤
እንጨት ይበሰብሳል፣ ይኼን ምን ይብላው?)
«ይኼ ዘር» አለኝ፣ «ባዕድ አይቀበል፤
የሚይዘው ከራሱ የተላጠ አካል።»

ከውስጠኛው ጠርዟ፣ ማንም ከማያየው፣
ፀሐይ ከማትደርስበት፣ ውኃ ከማይልሰው፣
አንድ ልጥ አነሣ፣ ቀጭን፣ የተጠማዘዘ፣
እንደ ፖም ልጣጭ ቀይ፣ ገና ያልደበዘዘ።
ደብዝዛ የተሠራች መስላኝ ነበር ፊት፤
ለካ ከጠርዟ ሥር ተቀምጧል ልጅነት።

እሳቱን አቀጣጠለ፤ ሰማያዊ ምላስ።
«ላብ እስኪያጠምቃት ብቻ፣ ፊቷ እስኪያበራ ድረስ።
ከዘገየህ ትጤሳለች፤ ከቸኮልህ ደግሞ
ላይዋ ይስቅልሃል፣ ውስጧ ለብቻው ታምሞ።»
ልጡ ተኛ፣ ላላ፣ ከዳሩ ተዋሐደ፤
በሾርባ ማንኪያ ጀርባ እየጫነው ሄደ።
ሽታው የሻማ ነው፣ እፍ የተባለ ሻማ፤
ትንፋሻችንን ዋጥን፣ ስንጥቁ ሲስማማ።

«ጭረቱንስ?» አልሁት፣ «ምን ይሞላዋል?»
«አይሞላም» አለኝ፣ «ጭረት ይላጫል።
ጠጉር ጠጉሩን አንሣ፤ ጠርዙ ሲለሰልስ
ውኃ ይረሳዋል፣ ሲሄድና ሲመለስ።»
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላጨሁ፣ ቆሜ፣ ተንበርክኬ፤
ደብዛዛ ቀይ ጠጉር ወረደ በልብሴ፣ በመልኬ።

ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በሩን ገፋ አደረገች
አንዲት ልጅ፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።
ፍራውክየ ናት፤ ዐሥር ዓመቷ። ባለፈው በጋ
ሰባት ቁጥር የሷ ነበረች፣ ወደቡ እስኪዘጋ።
ሰላም እንኳ አላለች። እኛንም አላየች።
በረጅሙ ጭረት ላይ ጣቷን አሳረፈች።
«የኔ ነው» አለች። «መስከረም። ከግድቡ ድንጋይ።
ነፋስ አልገፋኝም። ዓይኔ ነበር ሌላ ላይ።»

ሲብረን ዝም አለ። የሱ ዝምታ ይበረክታል።
መፋቂያውን ሰጣት፦ «ወደ ራስሽ አትሳቢው፤ ወደ ፊት ይገፋል።»
ሁለት ጊዜ አዳጣት። ሦስተኛው ግን ያዘ።
ከዚያ እራፊውን አየች፣ ደማቁን፣ ያልደበዘዘ፤
«ይኼ ለምን ፈካ? መቼ ነው የሚመስላት?»
«የራሷ ነው» አለ። «ሦስት በጋ ፀሐይ ስጪያት።»

ማታ አቃናናትና አንድ ባልዲ አፈሰስን፤
በርሜሎቹ መሐል ደረቅ ጋዜጣ ዘረጋን።
ሐይቁም እዚያው አለ፣ ድንጋዩም። እኛ ግን
ጎንበስ ብለን፣ ሦስታችን፣ ወረቀት እናያለን።