ሰባት ኪሎ ሐምሲ

ወሬውን ያመጣው ሻኪር ነው፣ ዓሣ ሻጩ፣
ቅርፊት እንደ ሳንቲም ተለጥፎ በእጁ።
"የእህቴ ባል ወንድም አየር ማረፊያ ነው፣
ስሙን ከመንገደኛ ዝርዝር ላይ አየው፤
ዛሬ ማታ ያርፋል፣ በሦስት ሰዓት ተኩል፣
ብራዚላዊው መጣ! ከእንግዲህ ጎል በጎል።"

እኔ ምላጭ ይዤ ከሰው ጉሮሮ ላይ
እጄ ተንቀጠቀጠ። ደንበኛዬም፣ "ዋይ!
ቀስ በል እንጂ ኔጃቲ፣ ሳላየው ልታርደኝ?"
አለና፣ "ለመሆኑ ስንት አግብቷል? ንገረኝ።"

ሌሊት ስድስት ሰዓት የዝውውሩ መስኮት ይዘጋል።
እኛ ዐሥራ አራተኛ ነን፤ አጥቂያችን በክራንች ይሄዳል።
ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

ስሙን ግን ማን ያውጣው? ሻኪር "ዡልሰን" አለ፣
ታክሲ ነጂው ቱርጉት "ጁልሱን ነው" ሲል ማለ፤
ሻይ ቀጂው ቬይሰል "ጉልሱም" ብሎት ዐረፈ።
"ጉልሱምማ አክስትህ ናት!" ሳቁ መንገድ አለፈ።

ዋጋው አላጣላንም። ያጣላን ድስቱ ነው፤
እንግዳን በባዶ ድስት ማን ሊቀበለው?
ሐምሲ በሩዝ ይሁን ተባለ። እስከዚህ ተስማማን።

"ቀረፋ ይግባበት።"
"ቀረፋ? ለዓሣ?"
"እናቴ ስትሠራው..."
"እናትህን አታንሳ!"
"አራት ሚሊዮን ዩሮ።"
"ዘቢብስ?"
"በሁለት ክፍያ።"
"ባለፈው ጥቅምት ጉልበቱን ታሞ ነበር አሉ።"
"ሩዙ?"
"አጥቂው!"

ማን ይሥራው ሲባል ሁሉም ጫማውን አየ፤
ሚስት ያለው ሚስቱን ፈራ፣ እናት ያለው ዘገየ።
እኔ ፈት ነኝ፤ ስምንት ዓመት ለራሴ አብስያለሁ፣
ምላጬን አጠብሁና፣ "ሰባት ኪሎ መዝን" አልሁ።

ሐምሲ ከጣት አይበልጥም።
አከርካሪው በአውራ ጣት ነው የሚነቀል፣
አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ... ስምንት መቶ ያህል።
ጀርባቸውን ወደ ውጭ፣ እንደ ጣሪያ ሸክላ፣
ድስቱን አለበስሁት፤ ሩዙ መኻል፣ ከላይ ደግሞ ሌላ።
ቀረፋውን ጨመርሁ። ትንሽ ነው፣ በቁንጥር።
ለሻኪር እንዳትነግሩ፤ ይኼ በእኛ መኻል ይቅር።

አየር ማረፊያችን ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው፤
አውሮፕላን ሲያርፍ የሚሰምጥ ይመስላል።
አራት መቶ ሰው፣ ከበሮ፣ ርችት፤
ጭሱ ቀይ ነው፣ ዝናቡ ያካፋል።
ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌያለሁ፣
"ዡልሰን! ጁልሱን!" ይላል ሰዉ፤ እኔም እላለሁ።

በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ ሻንጣ ወጣ። ከዚያ ምርኩዝ።
ከዚያ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ፎሶሊያ፣ ትልቅ ጠርሙስ ሙሉ።
ከዚያ ወይዘሮ ጉልሱም፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣
ኢዝሚር ያለች ልጇን ጠይቃ ስትመለስ።
ከፊት የነበሩት እጃቸውን መመለስ አልቻሉም፤
ሻርፑ አንገቷ ላይ ዐረፈ፣ ከበሮው ጮኸ።
እሷ ግን ያን ሁሉ ሰው ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ፣
"ማን ሞተ?" አለች።

ስልኮች ተራ በተራ በሩ።
ብራዚላዊው በሌላ አገር፣ በሌላ ማልያ፣
ፀሐይ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን ያሳያል።
ማንም አልተሳደበም።
ቬይሰል የአክስቱን ሻንጣ አነሣና፣
"ጉልሱም ብያችሁ ነበር" አለ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በቱርጉት ታክሲ ኮፈን ላይ
ድስቱን ገለበጥነው፤ ሳይፈርስ ወጣ።
ሳህን የለም። በጋዜጣ፣ በክዳን፣ በእጃችን በላን፤
ዘበኛውም ሊያባርረን መጥቶ ቆሞ ቀረ።
ወይዘሮ ጉልሱም ሻርፑን ሳታወልቅ
አንዲት ጉርሻ ዐኘከች፣ አሰበች፣
"ቀረፋ አንሶታል።"

ቱርጉት እጁን ዘርግቶ ሮጠ፤
ጎል እንዳገባ ሰው መኪናዎቹን ሁሉ ዞረ።

እኔ ግን ሻኪርን አየሁት። ጥግ ይዞ፣ ዝም ብሎ ይበላል።
ያን ቀን ከተማው በሙሉ ለእንግዳው ብሎ ሐምሲ ገዝቷል፤
ከዐሥር ሰዓት በፊት ሣጥኑ ባዶ፣ ሚዛኑም ታጥቧል።
ልጠይቀው ነበር።
አፌ ሙሉ ነበር።