ጉድጓድ ቁጥር ሦስት

ጉም ከፖ ወንዝ ወጥቶ ማደያውን ውጦ፣
የዋጋው ሰሌዳ ላይ ሰባት ቁጥር ተገልብጦ፣
ከተዘጋ ወዲህ ዘጠኝ ክረምት ሆኖት፣
መሰርሰሪያ ጭነን ቦርጎ ሳልቴሎ ደረስን፣ ማክሰኞ ጠዋት።

ዋልቴር አስፋልቱን በሳው።
አንድ ሜትር፦ ጠጠርና የጡብ ስባሪ።
ሁለት ሜትር፦ ቡኒ ሸክላ፣ ንጹሕ፣ እሺ ባይ ተቆፋሪ።
ሦስት ሜትር ላይ መልኩ ተለወጠ፤
ግራጫ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ እንደ ዓሣ ከእጅ ያመለጠ።
«አታሽትት» ይላል መመሪያው፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ፤
አፍንጫ መች ማንበብ ያውቃል? ነገረኝ፣ መሣሪያው ሳያይ።

ሲኞራ ኦርቴንሲያ በነጠላ ጫማ ወርዳ
የጓሮዋን ቲማቲም በፌስታል ይዛ፣ ቁጣዋን በፈገግታ ጋርዳ፦
«ሰልባትዮውን ኤርሜቴ አስጠርጎታል፤ እኔው ነኝ ምስክሩ።
ደረሰኙ የቀብር ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ካላመናችሁ እሱን ቆፍሩ።»

ሰልባትዮ።
ቃሉን የማውቀው ከአባቴ ጋራዥ፣ ከካቻቪቴና ከፍሬን ጋር፤
የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃልም እንደ ናፍታ ነው ለካ፣
ሳይጠይቅ ይሰርጋል፣ ካገር አገር።

ቁጥር አንድ ጠራ። ቁጥር ሁለት ጠራ።
ቁጥር ሦስት ከመደቡ ጥግ ነው፤
አትክልት ከምታጠጣበት ጉድጓድ
አሥራ አራት እርምጃ፣ ቢበዛ።
መቅጃውን በገመድ ለቀቅኩት፤ ሳብኩት።
ውሃ ነው። ላይ ላዩን አማን፣ ውስጡን ለቄስ፤
ይኸኛው ግን ለቄስ አይናዘዝም፣ ለላቦራቶሪ እንጂ።
ፀሐይ ጉሙን ቀዳ ስትደርስበት ብቻ
አንገቱ ላይ ቀስተ ደመና አሰረ፣ እንደ ክር የቀጠነ።

ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞላሁት።
አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች
ቤንዚኑ በእሷ ይሾልካል፣
እንደ ተገዛ ምስክር።

«ስንት ሜትር ላይ ነው?» አለች።
«ሦስት ተኩል።»
«ኤርሜቴ ሁለት ላይ ነው የተኛው።» በጣቷ ቆጠረች።
«ውሃውስ ወዴት ይሄዳል?»
ወደ ደቡብ ጠቆምኩ፤ የመቃብሩ አጥር ወዳለበት።
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ድዷ እስኪታይ፦
«እሱማ ሽታውን ለምዶታል።
አርባ ዓመት ሙሉ አልጋዬ ናፍታ ናፍታ ሲል ነው ያደረው።»

አፈር ይቅለለው ልላት ፈለግኩ፤
በጣልያንኛ አልመጣልኝም።
ቢመጣስ፣ በዚያ ጠዋት የመዘንኩት አፈር ቀላል አልነበረም።

መለያው ላይ ጻፍኩ፦ ቁጥር ሦስት።
አራት ሰዓት ከሩብ።
ሽታ፦ አለ።

ልንነሳ ስንል ፌስታሉን በመኪናው መስኮት አቀበለችን፤
ስድስት ቲማቲም፣ ጤዛው ያልለቀቃቸው።
የበረዶው ሳጥን እግሬ ሥር፣ ቲማቲሙ ጭኔ ላይ።
ዋልቴር አንዱን አነሳ፣ በሱሪው ወለወለው፣
እኔን አየኝ፣
መልሶ አስቀመጠው።