እርማት

ባለፈው ሰኞ በወጣው እትማችን፣ ገጽ ሁለት ላይ፣ ከግርጌ፣
«ዘይነባ ሙሔ» ያልነው ስህተት ነው፤ የሙሽራዋ ስም «ዘምዘም» ነው።
ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርሁት፣
የሰኞን ስህተቴን ለሰኞ እያረምሁት።

ጋዜጣችን «ሰኞ» ነበር ስሟ፣
የባቲ ገበያ ነበር አቅሟ፤
ማክሰኞ ብትወጣ ማን ያነባት ነበር
ባዶው ሜዳ ላይ ካለ ከፍየል በጠጥ በቀር?
አፋሩ ጨው በግመል ጭኖ ከበረሃ ሲወጣ፣
ደገኛው ባቄላ አዝሎ ቁልቁለት ወርዶ ሲመጣ፣
ያኔ ነው ዜና የሚሸጠው፤ ሳንቲም ከመሐረብ ሲፈታ፣
አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ዐሥሩ ይሰማል በዝምታ።

አራት ገጽ ነበረች። የማባዣው እጀታ ቢሰበር
በምሳር ዛቢያ ተካው ዘበኛችን ይመር፤
እሱ ሲያዞር እኔ ስቀበል፣ እኔ ሳዞር እሱ ሲያደርቅ፣
ሌሊቱ በቀለም ሽታ፣ በፋኖስ ጥላሸት ሲያልቅ፣
ሲነጋ ሁለት መቶ ቅጂ፤
ሠላሳው የማይነበብ።
(የማይነበበውን ለስኳር መጠቅለያ
አሊ ሱቅ ይወስደዋል። እዚያም ያነቡታል።)

ምን ጻፍህ? ይሉኛል።
የጠፋ ግመል፤ ምልክቱ ግራ ጆሮው የተበሳ፣
የተገኘ ደግሞ ልጅ፤ ስሙን ብንጠይቀው የረሳ።
ጎርፍ የወሰደው ድልድይ፣ ንፋስ ያነሣው ጣሪያ፣
የሁለት ወንድማማቾች የአንዲት ክንድ መሬት ሙግት፣
የሦስት ዓመት መነጋገሪያ።
አንድ ጊዜ ደግሞ የአቶ ደምሌን ሞት አወጣሁ፤
ማክሰኞ ጧት በሩን አንኳክቶ
ሟቹ ራሱ ገባ፣ ከዘራውን መሬት ወግቶ።
«አይዞዎት ጌታው፣ ለሰኞ እናርመዋለን» አልሁ።
«እስከ ሰኞ ድረስስ፣ ሙት ሁኜ ልቆይ?» አለኝ።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ።
«ረሃብ» ብዬ ጻፍሁ፤
በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰ፣ «የዝናብ መዘግየት» ሆኖ።
ደግሜ ጻፍሁ፤ መጣ፣ «መጠነኛ እጥረት» ሆኖ።
በሦስተኛው ሰውዬው ራሱ ከቢሮው ወጥቶ
(ክፉ ሰው አልነበረም፣ አምስት ልጆች ነበሩት)
«እባክህ» አለኝ።
ከዚያች «እባክህ» የከፋ ሳንሱር አላየሁም።

ገጽ አራት ላይ ግን፣ ከታች፣ ማንም የማያርማት
የገበያ ዋጋ ነበረች፣ ቁጥር ብቻ ያለባት።

ኅዳር። ፍየል ሠላሳ ብር። ማሽላ ቁናው ሦስት።
ታኅሣሥ። ፍየል ዐሥራ አንድ። ማሽላ ቁናው ስምንት።
ጥር። ፍየል አራት ብር። ማሽላ አልወጣም።
የካቲት። ፍየል ገዢ የለውም።
የቤት በር፣ ከነማጠፊያው፣ ሁለት ብር።

ቀዩ እስክሪብቶ አለፈው፤ ቁጥር ምን አፍ አለው ብሎ።
ዋርካው ሥር ግን አንባቢው «የቤት በር» ሲል ቆመ፤
የሚሰሙትም ዝም አሉ፤
አንድ ሽማግሌ ብቻ «ያረቢ» ብሎ ተነሥቶ
ወዳገሩ፣ ሽቅብ፣ ገበያው ሳይፈታ ሄደ።

ይህን ስናገር ያጨበጭቡልኛል። ብልሃት ነው ይሉታል።
እኔ ግን ሌላ ነው የሚያነቃኝ ሌሊት።
ሴትዮዋ በሩን አዝላ ነበር የመጣችው፣
በልጅ አንቀልባ ጠፍራ።
«ስንት ነው?» አልሁ።
«ሁለት ብር» አለች።
ጻፍሁ። ወደሚቀጥለው ተራ አለፍሁ።

የግመል ጆሮ ሳይቀር አጣርቼ የጻፍሁ ሰው፣
በአንዲት ፊደል ስህተት ሙሽራ ይቅርታ የጠየቅሁ ሰው፣
ስሟን አልጠየቅሁም።

ዛሬ የመጨረሻው ስቴንስል ነው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።
የእርማቱን ዓምድ እኔው በእጄ ጽፌዋለሁ፦
«ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በወጣው እትማችን፣ ገጽ አራት ላይ፣ ከግርጌ፣
‹የቤት በር› ያልነው ስህተት ነው፤ የ

ቤት ነው።»

ከ«የ» በኋላ አንድ መስመር ባዶ አለ።
ይመር ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ አስጠግቶ አየና
«ቀለም ዘሏል፣ ልድገመው?» አለኝ፣ ዛቢያውን ይዞ።
አልዘለለም፣ ይመር።
አዙረው።